ፓትሪክ ኬንን መልቀቅ ነበረብን?

ከቺካጎ፦
የሆኪ ወዳጆች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ክለባችን ብላክሆክስ በፌብሩዋሪ 2023 ኮከቡን ፓትሪክ ኬንን ለኒውዮርክ ሬንጀርስ አሳልፎ ሰጠው። በምትኩ ያገኘነው ዋናው ነገር አንድ የሁለተኛ ዙር የድራፍት ተራ ነው፤ ድራፍት ማለት ክለቦች በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ነው። በቃ! ኬን እኮ በ2010 ፊላደልፊያ ላይ በተጨማሪ ሰዓት አግብቶ 49 ዓመት የጠበቅነውን የሊጉን ዋንጫ ያመጣልን ሰው ነው። በ2013 እና በ2015ም ደገመው። "ቡድኑን እንደ አዲስ እየገነባን ነው" ስላሉን ብቻ ዝም ማለት ነበረብን? እኔን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከቶሮንቶ፦
ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን ሂሳቡንም እንየው። ኬን 34 ዓመቱ ነበር። ኮንትራቱ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ወር ነው። ቢቆይ በነፃ መሄድ ይችል ነበር። ደግሞ ያለ ፈቃዱ የትም ሊልኩት አይችሉም፤ ኮንትራቱ ላይ ሰፍሯል። የሚሄድበትን ራሱ መረጠ። ፈላጊው አንድ ብቻ ሲሆን ዋጋ ይወርዳል። እኛም በ2015 ፊል ኬሰልን ለፒትስበርግ ሰጠን። እሱ እዚያ ሁለት ዋንጫ አነሳ። እኛ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ከሁሉም ክለቦች የመጨረሻ ደረጃ ይዘን በድራፍቱ ኦስተን ማቲውስን መረጥን። እኔ አልተጸጸትኩም።

ከሚኒያፖሊስ፦
ቶሮንቶ ከ1967 ወዲህ ዋንጫ አላየም፤ ማቲውስም ገና አላመጣውም። እኔን የሚከብደኝ ሁሉን ነገር ዕጣ ላይ መጣሉ ነው፤ የድራፍቱን የመጀመሪያ ተራ የሚወስነው ዕጣ ነው፣ ብዙ የተሸነፈ ሰፋ ያለ ዕድል እንጂ ዋስትና የለውም። በ2023 የመጨረሻ ደረጃ የያዘው አናሃይም ነበር፤ ሁሉም የሚፈልገውን ወጣት ኮኖር ቤዳርድን የወሰደው ግን 11.5 በመቶ ዕድል የነበረው ቺካጎ ነው። የኛው ኪሪል ካፕሪዞቭ ደግሞ በ2015 በአምስተኛው ዙር 135ኛ ተመርጦ ነው ኮከብ የሆነው። ጥሩ መልማይ (ወጣት ተጫዋቾችን ፈልጎ የሚመርጥ ሰው) ካለህ ለመሸነፍ ብለህ ቡድንህን አታፈርስም።

ከቶሮንቶ፦
እህቴ፣ ያልሽው እኮ የኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። 135ኛው ልጅ ማን እንደሚሆን ማንም ካላወቀ፣ ብዙ ተራ መያዝ ነው የሚያዋጣው። መልማይ ይሳሳታል። ለመሳሳትም ተራ ያስፈልጋል።

ከበፋሎ፦
እኔ ይህን መንገድ ኖሬበታለሁና ልናገር። ክለባችን ሴበርስ በ2015 የመጨረሻውን ደረጃ ያዘ። ሁላችንም የዚያን ድራፍት ኮከብ ኮኖር ማክዴቪድን ነበር የምንጠብቀው። ዕጣው ለኤድመንተን ደረሰና እኛ ሁለተኛውን፣ ጃክ አይክልን ወሰድን። ጎበዝ ልጅ ነበር። ግን ከነባሮቹ ብዙዎቹ ቀድመው ተሰጥተው አልቀዋል። ሲሸነፉ "አይዞህ፣ ይህም ያልፋል" የሚለው ታላቅ አላገኘም። ሽንፈት ልማድ ሆነ። በኋላም ስለ አንገቱ ቀዶ ጥገና ከክለቡ ጋር አልተስማማም፤ በኖቬምበር 2021 ወደ ቬጋስ ሄደ፤ በ2023 ዋንጫውን እዚያ አነሳ። እኛ ደግሞ እስከ 2025 ድረስ 14 የውድድር ዘመን በተከታታይ ከፕሌይኦፍ (ዋንጫው ከሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር) ቀረን። በሊጉ ታሪክ እንዲህ የቀረ ቡድን የለም። ልጄ ተወልዶ ትልቅ ልጅ እስኪሆን ማለት ነው። ተራ ሰብስቡ፣ ግድ የለም። ግን ሁለት ሦስት ታላቆች ለልጆቹ አስቀሩላቸው።

ከቶሮንቶ፦
እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። ቺካጎም ቤዳርድን እንዳገኘ ነባሩን ተጫዋች ኒክ ፎሊኞን ያመጣው ለዚህ ይመስለኛል።

ከቺካጎ፦
እሺ፣ የኬንን ነገር ልተወው። ዕድሜውም ኮንትራቱም ገፍተውታል። ጎል አግቢያችን አሌክስ ዴብሪንካትስ? በጁላይ 2022 ለኦታዋ ሲሰጡት 24 ዓመቱ ነው፤ በዚያው ዘመን 41 ጎል አግብቷል። 7ኛውን ተራና ሌሎች ሁለት ተራዎች አገኘን። እሱ እኮ ነባር አይደለም። የሚገነባውን ቡድን የሚሸከም ምሰሶ ነው።

ከቶሮንቶ፦
ኮንትራቱ አንድ ዓመት ብቻ ነበር የቀረው። ከዚያ በኋላ መብቱን ለመያዝ 9 ሚሊዮን ዶላር ማቅረብ ነበረባቸው። ኦታዋም ራሱ በዓመቱ ለዲትሮይት ሰጠው።

ከቺካጎ፦
ኦታዋ ሊያቆየው አለመቻሉ እኛ አልሞከርንም የሚለውን አይሰርዘውም። ያን 9 ሚሊዮን ለማን ልናስቀምጠው ነበር? ቤዳርድ ሲመጣ ከሱ ተቀብሎ የሚያገባ ጎል አግቢ አጠገቡ ቢኖር ምን ነበረበት?