ከቤት ጋር ለተያያዘ ጋራዥ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም፣ የቱን ላስመጣ?

ሞተር ቤት ሽምብጥ፦
ሰላም ወገኖች፣ ባህር ዳር ሽምብጥ ነው ያለሁት። ከመኝታ ቤታችን ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ ክፍል አለኝ፣ እዛ ውስጥ ባጃጅና የጀልባ ሞተር እሰራለሁ፣ አንዳንዴ ብየዳም አለ። ክረምቱ ሲጠነክር የላሜራውን በር ዘጋ አርጌ ነው የምሰራው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄነሬተሩን እዛው በሩ ስር አስነሳለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ልጆቼ ይተኛሉ፣ ኮርኒሱም ከላይ የተያያዘ ነው። ሰሞኑን ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ራሴን ራሴን እያለች ነው፣ ከሞተር የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ እንዳይሆን ልቤ አላረፈም። እህቴ ለእንቁጣጣሽ ከአሜሪካ ትመጣለች፣ አላርም ላምጣልህ ብላ ፎቶ ላከችልኝ፤ አንዱ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ አንዱ በባትሪ ድንጋይ፣ አንዱ ጭስም ካርቦንም አንድ ላይ የሚይዝ። የቱን ልበላት? የትስ ልስቀለው?

ኤሌክትሪክ ፋሲሎ፦
ወንድሜ የሶኬቱን ተወው። የአሜሪካ ዕቃ ብዙው 120 ቮልት ነው የኛ 220፣ ስትሰካው ይቃጠላል። ባይቃጠል እንኳ አንተ ጄነሬተር የምታስነሳው መብራት ሲጠፋ አይደል፣ በዋናው ሰዓት እሱ ራሱ ጠፍቷል ማለት ነው። በባትሪ የሚሰራውን አስመጣ፣ ሴንሰሩ ኤሌክትሮኬሚካል (ጋዙን በኬሚካል የሚለይ) የሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ፒፒኤም፣ ማለትም ከአየሩ ሚሊዮን እጅ ስንቱ ጋዙ እንደሆነ፣ በቁጥር የሚያሳይ። ከጀርባው የአሜሪካው የአላርም ደረጃ ዩኤል 2034 (UL 2034) ወይም የአውሮፓው ኢኤን 50291 (EN 50291) የሚል ይኑረው። ቁጥሩን አጥብቄ የምልህ አላርሙ ወዲያው ስለማይጮህ ነው፤ በዩኤል 2034 መሠረት 70 ፒፒኤም ላይ የሚጮኸው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ ነው፣ 150 ላይ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ 400 ላይ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ። እስኪጮህ ከመጠበቅ ቁጥሩ ሲወጣ ማየት ይሻላል። እና ደግሞ የተመረተበትን ቀን ታይልህ፣ ሴንሰሩ እንደየአሰራሩ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው ዕድሜው፣ በርካሽ የሚሸጠው አንዳንዴ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ነው።

መካኒክ ቀበሌ 14፦
ጭስም የሚይዘውን ለጋራዡ አታስብ። የብየዳ ጭስና የፍሌክስ ብናኝ ቀኑን ሙሉ ያስጮኸዋል፣ ሰው ደግሞ ሲሰለቸው ባትሪውን አውጥቶ ይጥለዋል፣ አይቻለሁ። ሌላው ነገር ባትሪ ቻርጅ የምታደርግ ከሆነ ከሱ አርቀው፣ ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን ሴንሰሩን ያታልለዋል፣ ቲነርና የቀለም ሽታም እንደዛው። ማርሚታ አፍ ላይም አትስቀለው። ሁለት አስመጣ፣ ዋናው ግን የልጆቹ ክፍል ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነ እዛ ይሁን። ጋዙ ከአየር እምብዛም አይቀልም፣ ተቀላቅሎ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የግድ ጣሪያ ስር ወይ ወለል ላይ አይባልም፤ ቁጥሩን ቆመህ የምታነብበት ከፍታ ላይ ስቀለው፣ ከመጋረጃና ከቁም ሳጥን ጀርባ ብቻ አታድርገው።

ነርስ ነኝ ጣና ዳር፦
እኔን ያስደነገጠኝ የባለቤትህ ራስ ምታት ነው። ከቤት ወጥታ ገበያ ስትውል ይተዋታል? ስትመለስ ይነሳባታል? ልጆቹስ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ይደክማቸዋል? እንደዛ ከሆነ እንቁጣጣሽን አትጠብቅ፣ ዛሬ ጄነሬተሩን አውጣ። ጤና ተቋም ስትሄዱም ጭስ ያለበት ቤት ነው የምንኖረው ብላችሁ ተናገሩ፣ ምክንያቱም ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን አይለየውም፣ ሰውየው ተመርዞም ደህና ቁጥር ያሳያል። ጋዙ ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው። ባህር ዳር ደግሞ 1800 ሜትር አካባቢ ናት፣ አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው፣ ያ ተጨምሮ ይከብዳል። ከቡና በኋላ ፍሙን ለሙቀት ብላችሁ መኝታ ቤት የምታስገቡ ከሆነም እባካችሁ ተዉ፣ ጭስ ባይኖረውም ፍሙ ጋዙን ያወጣል።

ሞተር ቤት ሽምብጥ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ እውነትም ለገበያ ስትወጣ ይተዋታል። ጄነሬተሩን ግን ውጪ ባደርገው ዝናቡስ? ሌባውስ?

ኤሌክትሪክ ፋሲሎ፦
ቢያንስ 6 ሜትር ከቤቱ ይራቅ፣ ማርሚታው ፊቱን ከበርና ከመስኮት ያዙር። አራት እንጨት ተክለህ ቆርቆሮ ክደንለት፣ ጎኑን እንዳትዘጋው፣ ለሌባው ብረት ቀብረህ በሰንሰለት ቆልፈው። ኮርኒሱ ላይ ደግሞ ግድግዳውን እስከ ጣሪያው አድርሰህ ድፈነው፣ ቀዳዳ ካለ ጋዙ በዛ ነው የሚገባው። ያም ሆኖ ሞተር ለሙከራ ስታስነሳ በሩ ወለል ብሎ ይከፈት፣ ዝናብም ቢሆን።

መካኒክ ቀበሌ 14፦
እኔ ሞተር ስሞክር ባጃጁን ራሱን ገፍቼ ደጅ አወጣዋለሁ። አላርሙ ሲመጣም ቴስት የሚለውን ተጭነህ ስለጮኸ ብቻ አትመነው፣ እሱ ድምፁንና ባትሪውን ነው የሚፈትሸው እንጂ ሴንሰሩ ጋዝ እንደሚይዝ አያሳይህም፣ ቀኑን እያየህ ቀይረው። ሌሊት ከጮኸ መጀመሪያ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ሞተር ላጥፋ ብለህ ወደ ውስጥ እንዳትገባ።

ሞተር ቤት ሽምብጥ፦
ለእህቴ ነገርኳት፣ ሁለት፣ በባትሪ፣ ቁጥር የሚያሳይ። ቆርቆሮው ግቢ አለኝ፣ ነገ ጠዋት እንጨት ተክዬ ጄነሬተሩን አወጣዋለሁ፣ ባለቤቴንና ልጆቹንም ሀኪም ቤት እወስዳቸዋለሁ።