ለሚሳተፍ ተማሪ ምን ይሰጠው? የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ ሰዓት ስላልበቃን እዚህ እንጨርሰው። ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ፣ የአምስት ኪሎ፣ የአራት ኪሎና የጥቁር አንበሳ ግቢዎች የምናስገባው ሐሳብ አንድ ነው። በማኅበረሰብ ሥራና በፖለቲካ ጉዳይ የሚሳተፍ ተማሪ ምን ይሰጠው? መነሻ ትሁን ብዬ ይቺን ጽፌያለሁ።

«በአንድ ሴሚስተር 40 ሰዓት ያገለገለ ተማሪ በአጠቃላይ ውጤቱ ላይ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል።»

ቆራርጧት። የቆረጠ ሰው ግን የሚተካውን ይዞ ይምጣ።

ከአምስት ኪሎ (ምህንድስና፣ 4ኛ ዓመት)፦
ነጥቡ ይውጣ። ቅዳሜ ዛፍ ስለተከልኩ የስትራክቸር ውጤቴ ከፍ ካለ፣ ነገ እኔ በማሠራው ፎቅ ሥር ማን ደፍሮ ያልፋል? ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ። በጉርሻ ነጥብ የመጣ ሰው እዚያ ላይ ይጋለጣል።

ከጥቁር አንበሳ (ሕክምና)፦
እኔም ይውጣ ባይ ነኝ። ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ደም የሚለግስ ሰው ገንዘብ አይከፈለውም። ይህ ከስስት የመጣ እንዳይመስላችሁ። ከመለገሱ በፊት ስለ ጤናው ይጠየቃል፤ እውነቱን መናገር አለበት። ክፍያ ካለ የሚደብቅ ይኖራል። ነጥብም ያው ክፍያ ነው። በሦስት ወር አንዴ የሚሰጠውን ደም፣ ፋይናል ሲቃረብ በሁለት ወሩ ሊሰጥ የሚሰለፍ ይመጣል። ስለዚህ ደም መለገስ ራሱ አይቆጠር። የልገሳውን ቀን ማስተባበር፣ መመዝገብ፣ ሰልፍ ማስያዝ ይቆጠር።

ጸሐፊዋ፦
ይሄኛው አሳምኖኛል። ነጥቡን ሰርዣለሁ። በምትኩስ?

ፍሬሽማኑ፦
ይቅርታ፣ አዲስ ነኝ። ምንም የማይሰጥ ከሆነ ግን ማን ይመጣል? እውነቱን እናውራ። የዶርም ቅድሚያ ቢሆንስ?

ከስድስት ኪሎ (ሕግ)፦
ዶርም አይሆንም ወንድሜ። ከክፍለ ሀገር የመጣች ልጅ መኝታ የምታገኘው ስለሚያስፈልጋት ነው። መጥረጊያ ይዛ ስለወጣች መሆን የለበትም። የሚያስፈልግን ነገር ሽልማት ካደረግነው ሥራው ግዴታ ሆነ ማለት ነው።

ነባር አባል፦
ልጆች፣ ግዴታ ካላችሁ እኔ ላውራ። በ1957 ዓ.ም. የጀመረ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነበር። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ያገለግላል፤ አብዛኛው ክፍለ ሀገር ወርዶ ያስተምር ነበር። እኔ አልደረስኩበትም። የደረሱበት ታላላቆቻችን ግን አገሩን ያየነው ያኔ ነው ይሉ ነበር። እኔ የደረስኩት በ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ነው። ወደ 60 ሺህ የምንጠጋ ተማሪና መምህራን ወጣን። ማስተማሩን ወድጄዋለሁ። ጉድጓድ መቆፈሩንም ወድጄዋለሁ። የማልወደው ፈልጌ ይሁን ተገድጄ የወጣሁት የሚለየው ሰው አለመኖሩን ነው። ስም መጥራት ሲጀመር ፍላጎት የሚባለው ነገር ያበቃል።

ሒሳብ ያዡ፦
ጋሼ፣ የእርስዎ ዘመቻ ነበር፤ የእኛ ፎርም ነበር። እኔ በተማርኩበት ጊዜ «አባል ሁን፣ ሥራ ታገኛለህ» የሚል ዶርም ለዶርም ይዞር ነበር። የትኛው ፓርቲ እንደሆነ አልልም። የክፍላችን ልጆች በርከት ብለው ሞሉ። አምኖ የሞላም አለ፤ እናቱን አስቦ የሞላም አለ። በመዝገብ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። አሁን እኛ ለፖለቲካ ተሳትፎ ሽልማት ስንል፣ ያንን ፎርም በሌላ ቀለም እያተምን እንዳይሆን እፈራለሁ።

ከስድስት ኪሎ (ሕግ)፦
ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ ሁለት የሚረዱን ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ሰው የፖለቲካ ድርጅት አባል የሚሆነው በፍላጎቱ ነው። ሁለተኛው፣ ድምፅ የሚሰጠው በሚስጥር ነው። ስለዚህ አባል መሆን አይቆጠር። ድምፅ መስጠትም አይቆጠር። ሰልፍ መውጣትም አይቆጠር፤ ሰልፍ ላይ ስም የሚመዘግብ ሰው የቆመ ዕለት ያ ሰልፍ አልቋል።

ከአምስት ኪሎ፦
ቆይ ቆይ። ይሄን ሁሉ ካወጣነው ምኑን ፖለቲካ አልነው? ችግኝ መትከልና የአረጋውያን ቤት ማደስ ብቻ ሊቀር ነው። ያ ደግሞ በክረምት በጎ ፈቃድ ድሮም አለ። አንድ ልጅ አውቃለሁ፣ በፓርቲ ውስጥ የሠፈሩን ወጣቶች ሰብስቦ ያከራክራል። እሱ ከእኔ ዛፍ በላይ ሠርቷል እኮ።

ጸሐፊዋ፦
ይቺ ጥያቄ ከባድ ናት። እስቲ አትለፏት።

ከስድስት ኪሎ (ሕግ)፦
እኔ እንዲህ አሰብኩ። መገኘቱ አይቆጠር፣ የሠራው ይቆጠር። ምሳሌ ልስጥ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች በረቂቅ አዋጆች ላይ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ይጠራሉ። እዚያ ሄዶ ሻይ ጠጥቶ የተመለሰ ተማሪ ምንም አላደረገም። ረቂቁን አንብቦ ሁለት ገጽ አስተያየት በጽሑፍ ያስገባ ግን ሠርቷል። ረቂቁን ይደግፍ ይቃወም አይመለከተንም። ወረዳ ላይም ያው ነው። ስለ ፍሳሽ መስመሩ ፊርማ አሰባስቦ አቤቱታ ያስገባ፣ መልሱንም የተከታተለ ይቆጠርለት። የመራጮች ትምህርት ደግሞ በምርጫ ቦርድ ፈቃድ በተሰጣቸው የሲቪክ ድርጅቶች በኩል ይሁን። በምርጫ ጣቢያ በአበል የሠራ ግን ተከፍሎታል፤ ሁለቴ አይቆጠርለት።

የአምስት ኪሎው ልጅ ያነሳው ይቀራል። ለእሱ መልሴ ይሄ ነው። የፓርቲ ሥራ አይሸለም፣ አይቀጣም። የሚድ ፈተና በዚያ ሥራ ዕለት ከዋለበት ግን የማንም ፓርቲ ይሁን የማካካሻ ፈተና እኩል ይሰጠው።

ከአምስት ኪሎ፦
ግማሹን ተቀብያለሁ። ግማሹን ስንገናኝ እንከራከራለን።

ከጥቁር አንበሳ፦
ሠርቷል ብሎ የሚፈርመው ማን ነው? ዋናው ቀዳዳ እዚህ ጋ ነው። ክበቦቻችንን አውቃቸዋለሁ። የክበቡ ሊቀመንበር ለዶርሙ ልጆች በሙሉ ሰርተፊኬት ይሰጣል። ማህተም ማስቀረጽ ደግሞ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ጸሐፊዋ፦
አዘጋጁ አይፈርም፤ አገልግሎቱን ያገኘው ወገን ይፈርም። ቤታቸው የታደሰላቸው እናት፣ ተማሪዎቹ የታገዙለት ትምህርት ቤት፣ አቤቱታውን ተቀብሎ ቁጥር የሰጠ መዝገብ ቤት። መዝገብ ቤቱ ቁጥር ከሰጠ ማንንም ማመን አያስፈልገንም፤ ወረቀቱ እዚያው አለ። በነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሠሩትም ፋይል ስለሚከፍቱ እንዲሁ ይታያል። የባለጉዳዩ ስም ግን ከፋይሉ አይወጣም።

ከስድስት ኪሎ (ሕግ)፦
ልክ ነሽ እቴ፤ ስሙ በፍጹም አይወጣም። ከውጭ ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምር። ሜክሲኮ ውስጥ፣ አደባባዩን ማለቴ አይደለም፣ ተማሪ ዲግሪውን የሚወስደው ቢያንስ 480 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰጥቶ ነው። ናይጄሪያ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራቂዎቿን ለአንድ ዓመት ታሰማራለች፤ አበልም ትከፍላለች፤ በምርጫ ጊዜም ጣቢያ ላይ ታሠራቸዋለች። ሁለቱም ግዴታ ናቸው። እኛ ጋሼ የነገሩንን ሰምተን እዚያ አንሄድም። ከናይጄሪያ ግን አበሉን እንውሰድ።

ነባር አባል፦
አበሉን ውሰዱ።

ሒሳብ ያዡ፦
አበሉ ላይ እኔም አለሁ። ልጆቹ በነጻ ሲሠሩ ማየት ደስ ይላል። ግን ቅዳሜ አስጠንቶ ኪሱን የሚደጉም ልጅ እንዴት ይምጣ? በነጻ ብቻ ካልን የሚመጣው ቤተሰቡ የሚልክለት ነው። የታክሲና የምሳ 200 ብር በቀን ብንል፣ ለ50 ተማሪ በ8 ቅዳሜ 80,000 ብር ይሆናል። የመጀመሪያው ሴሚስተር መሞከሪያ ይሁን። ገንዘቡ ከቀድሞ ተማሪዎች መዋጮ ይምጣ። ከፓርቲ ወይም ከዕጩ ሳንቲም አንቀበል፤ ይህ በግልጽ ይጻፍ።

ጸሐፊዋ፦
ተጽፏል። ሁሉንም ሰብስቤ እንዲህ አስተካከልኩት፤ ቃሉን ብቻ እዩልኝ።

«ተሳትፎ በፈቃደኝነት ብቻ ነው። ያልተሳተፈ ተማሪ የሚያጣው ነገር አይኖርም። የተሳተፈ ተማሪ የታክሲና የምሳ ወጪው ይሸፈንለታል። የሠራው ሥራና የፈጀበት ሰዓት፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከትራንስክሪፕቱ ጋር በሚያያዝ ገጽ ላይ ይጻፍለታል። ገጹ ነጥብም ደረጃም አይኖረውም። ተማሪው ገጹ እንዳይያያዝ መጠየቅ ይችላል። ማረጋገጫው የአገልግሎቱ ተቀባይ ፊርማ ወይም የመዝገብ ቁጥር ነው። የፓርቲ አባልነት፣ ድምፅ መስጠትና ሰልፍ አይመዘገቡም።»

ፍሬሽማኑ፦
«እንዳይያያዝ መጠየቅ ይችላል» የተባለው ለምንድን ነው? ሠርቼ ለምን እደብቃለሁ?

ከስድስት ኪሎ (ሕግ)፦
የወረዳህን አቤቱታ የመራኸው አንተ ነህ እንበል። ከዚያ እዚያው ወረዳ ሥራ ልታመለክት ሄድክ።

ፍሬሽማኑ፦
ገባኝ። ይቆይ።

ከጥቁር አንበሳ፦
ለእኛ አንድ ቃል ጨምሩልን። ሕክምና ተማሪ ሆስፒታል አዳሪ የሆነበት ወር አለ። የሙከራው 8 ቅዳሜ ተከታታይ መሆን የለበትም።

ጸሐፊዋ፦
ጨምሬዋለሁ። የስድስት ኪሎዋ፣ ረቂቁን አንቺ ለዲኑ ጽሕፈት ቤት ታስገቢያለሽ። ቁጥር ሳትቀበይ እንዳትወጪ።

ፍሬሽማኑ፦
መጀመሪያ የፓርላማውን መድረክ እንሞክር? እኔ ያለሁት አራት ኪሎ ግቢ ነው፤ በእግሬ ነው የምሄደው። ታክሲ አልጠይቅም።

ሒሳብ ያዡ፦
ጎበዝ። የታክሲው ይቀነሳል። ምሳህ ግን ይቆይልህ።