ከርብራብ የወደቀውን ወንድሜን «ፈርም» እያሉት ነው

ሰላም ወገኖች። የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ታናሽ ወንድሜ ፎቅ ሲሠሩ ከባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። እዚያ ሳይት ሄልሜትና ቀበቶ የሚባል ነገር አይታወቅም።

ኮንትራክተሩ የመጀመሪያውን ሕክምና ከፈለ። አሁን ግን ትንሽ ብር ይዞ «ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም ብለህ ፈርም» ይለዋል። ሽማግሌም ልኳል። ስለማከብራቸው ዝም ብዬ ሰማኋቸው እንጂ ነገሩ አልጣመኝም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል ይላል። ሕክምናውም በእሱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ደመወዝም ሙሉ ነው። ችግሩ፣ ወንድሜ የቀን ሠራተኛ ነው። የጽሑፍ ውል የለውም፤ ስሙ ያለው ፎርማኑ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ደብተሩን ፎቶ አንስቼዋለሁ። ርብራቡን ግን ወዲያው አፍርሰውታል፤ ለምን እንደቸኮሉ እናንተው ገምቱት!

አብረውት የሠሩት ልጆች ቢመሰክሩ ይበቃል? ከፈረመስ መብቱ ይቀራል? የሐኪም ቦርድ ማስረጃ አሁን ይወጣል ወይስ እግሩ ሲድን? ጠበቃ የመቅጠር አቅም የለንም። በዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ የተስተናገደ ካለ ምን ይዞ እንደሄደ ይንገረኝ። ሽማግሌዎቹ እሁድ ይመለሳሉ፤ እባካችሁ ከዚያ በፊት።