በሐሮማያ ሐይቅ ዳር የታየው የእሳት እራት ብርቅ ዝርያ ይሆን?

ጥያቄ (ከሐረር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ለዓመታት ደርቆ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ ውኃው ከተመለሰ ወዲህ በዳርቻው ያሉትን ነፍሳት እየተከታተልኩ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በፊላው አጠገብ ነጭ አንሶላ ወጥሬ የአልትራቫዮሌት መብራት ሳበራ፣ የፊት ክንፉ የደረቀ ገለባ የመሰለ፣ የኋላ ክንፉ ደግሞ እንደ ወተት የነጣ የእሳት እራት መጥቶ ዐረፈ። ፎቶ አንሥቼ ለቀቅሁት። ከረግረግ ውጪ የማይገኝ ብርቅ ዝርያ ነው ብዬ ልመዝግበው?

ምላሽ (ከድሬዳዋ)፦
እባክዎ ለስሙ አይቸኩሉ። ሥራዬ የሰብል ተባይ ክትትል ስለሆነ ይህን መልክ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በማሽላና በበቆሎ የምናውቀው የአገዳ ቆርቁር፣ ማለትም ቡሴዮላ ፉስካ፣ ክንፉ ወደ ቡናማ ስለሚያደላ የእርስዎ እርሱ አይመስለኝም። ሴሳሚያ በሚባለው ወገን ያሉት ግን ብዙዎቹ ልክ እንደገለጹት ገለባማ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የበቆሎ አገዳ ሲበሉ ሌሎቹ በፊላና በቄጠማ ግንድ ውስጥ ያድጋሉ። እነዚህን በፎቶ ብቻ መለየት አይቻልም፤ የወንዱ አንቴና ማበጠሪያ መሰል መሆን አለመሆኑ መታየት፣ የመራቢያ አካሉም በማይክሮስኮፕ መመርመር አለበት። ከሁሉ የሚሻለው በቀን ተመልሰው፣ ቀዳዳ ያለበትንና ከቀዳዳው ሰጋቱራ የመሰለ እዳሪ የወጣበትን የፊላ ግንድ ቆርጠው፣ በውስጡ ያለው እጭ (ትሉ) ባለክንፍ እስኪሆን ድረስ ማሳደግ ነው። እንዲህ ሲሆን ምግቡም አብሮ ይታወቃል።

ምላሽ (ከሐረር)፦
በምዝገባው በኩል አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። «2017፣ 2 ሰዓት ተኩል» ብለው ብቻ ቢጽፉ ሌላ አገር ያለ አንባቢ ዘመኑን በ7 ዓመት ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ሰዓቱንም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያደርገዋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2024፣ 20፡30 የሚለውን ከእኛው አቆጣጠር ጎን ይጻፉ። ያ ምሽት ጨረቃ ገና የተወለደችበት ስለነበር ለመብራት ሥራ እጅግ ምቹ ነበር፤ ይህንንም፣ የመብራቱን ዓይነት፣ የቦታውን ከፍታና መጋጠሚያ (ኬክሮስና ኬንትሮስ)፣ ከፊላው ምን ያህል እንደራቁም ያክሉ። «ብርቅ» የሚለውን ቃል ግን ለጊዜው ያቆዩት። በአካባቢያችን መብራት ያበራ ሰው ጥቂት በመሆኑ፣ ያልተመዘገበው ሁሉ ጥቂት ነው ማለት አይቻልም። ምንም ያልመጣባቸውን ምሽቶች ጭምር ቢመዘግቡ ለፍርዱ ትልቅ እገዛ ይሆናል። ናሙና መያዝ ካስፈለገ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይበቃሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ስላለው እዚያ ቢጠይቁ መልካም ነው።

የጠያቂው ምላሽ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ከቆረጥኋቸው ስድስት ግንዶች በአንደኛው ውስጥ ሮዝ መልክ ያለው፣ ራሱ ቡናማ የሆነ እጭ አገኘሁ። ከነግንዱ በመረብ በተሸፈነ ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ መዝገቡ ላይም ለጊዜው «ሴሳሚያ ሳይሆን አይቀርም፣ ዝርያው አልተለየም» ብያለሁ።