ፋርማኮሎጂን ከታካሚው እንጀምር፦ በጋራ ፕሮፖዛላችን ላይ ውይይት

አስተባባሪ (የፋርማኮሎጂ መምህርት)
ሰላም ባልደረቦች። የፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ሳይንስ) ትምህርት ከታካሚው ችግር እንዲጀምር ለጤና ኮሌጆች የምናቀርበውን ረቂቅ ከመጻፌ በፊት ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። የእኔ ነጥብ አንድ ነው። እስካሁን የምናስተምረው በመድኃኒት ቡድን ነው፤ ዛሬ ቤታ ብሎከር፣ ነገ ዳይሬቲክ። ተማሪው ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል። ዋርድ ገብቶ ግፊትም አስምም ያለባቸው እናት ሲያጋጥሙት ግን ከቤታ ብሎከሮቹ አንዱ የሆነው ፕሮፕራኖሎል ለእሳቸው አደገኛ መሆኑ ትዝ አይለውም። ዕውቀቱ አለው፤ ከሰው ጋር አላገናኘውም።

መነሻችን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው የመድኃኒት አስተዛዘዝ መመሪያ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ስድስት ደረጃ ነው፦ የታካሚውን ችግር መለየት፣ የሕክምናውን ግብ መወሰን፣ መድኃኒቱ ለዚህ ሰው መስማማቱን ማረጋገጥ፣ ማዘዝ፣ ለታካሚው ማስረዳት፣ ከዚያ መከታተል ወይም ማቆም። በዚህ መንገድ የተሰጠ አጭር ሥልጠና በሰባት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል። ሌጎስና ካትማንዱም ነበሩበት። ተማሪዎቹ የተማሩትን ብቻ ሳይሆን ያልተማሩትንም ችግር በተሻለ ሁኔታ መፍታት ችለዋል። እኔን የሳበኝ ይህ ነው።

ነባር የፋርማሲ መምህር
እደግፋለሁ መምህርት፤ ግን ሥጋት አለኝ። «ከታካሚው እንጀምር» ሲባል ሜካኒዝሙ፣ ማለትም መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚሠራበት መንገድ፣ እየሳሳ ይሄዳል። ፀረ ተባይ ጠጥቶ የመጣን ወጣት እንውሰድ። ማርከሻው አትሮፒን ይሰጠዋል። ሳንባው ሲጠራ ምራቁም ይደርቃል። ግን ክንዱን ማንሳት አልቻለም፣ ትንፋሹም እየደከመ ነው። አትሮፒን የሚዘጋው የመስካሪን ተቀባዮችን (በእጢ፣ በሳንባና በልብ ያሉትን እንጂ ክንድና ትንፋሽ በሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች ላይ ያሉትን አይደለም) ብቻ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ መጠኑን ይጨምራል። የሚያውቅ ግን የጡንቻው ድክመት በአትሮፒን እንደማይስተካከል ገብቶት ትንፋሹን ለማገዝ ይሮጣል። ስለዚህ ረቂቁ ውስጥ እያንዳንዱ የታካሚ ታሪክ ቢያንስ አንድ «ለምን?» የሚል የሜካኒዝም ጥያቄ እንዲኖረው ይጻፍልኝ።

አስተባባሪ
ተቀብያለሁ ጋሼ። ያንኑ የፀረ ተባይ ታሪክ ናሙና አድርገን እናስገባው። የአትሮፒኑን መጠን መጨመር መቼ እናቁም የሚለውንም እንጨምርበት። ብዙ ተማሪ የዓይን ብሌን እስኪሰፋ ይጠብቃል፤ ዋናው መለኪያ ግን የሳንባው መጥራት ነው።

የነርሲንግ መምህርት (ጨቅላ ሕፃናት ክፍል)
እኔ ስለ ሒሳብ ላንሳ፤ እባካችሁ በቀላሉ እንዳታልፉት። ፀረ ባክቴሪያው ጄንታማይሲን በሁለት ዓይነት አምፑል ይመጣል። አንዱ በ2 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም፣ ሌላው በ2 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። 3 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ከታዘዘ 15 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከመጀመሪያው አምፑል 1.5 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ያንኑ 1.5 ከሁለተኛው የቀዳች ነርስ 60 ሚሊ ግራም ሰጠች ማለት ነው፤ አራት እጥፍ። ኩላሊትና ጆሮ የሚጎዳ መድኃኒት ነው፤ ሕፃኑ ደግሞ አይናገርም። የእኛ ተማሪዎች ቀመሩን ወረቀት ላይ ይሠሩታል፤ አምፑሉን በእጃቸው ይዘው ጽሑፉን አንብበው የቀዱ ግን ጥቂት ናቸው። ባዶ አምፑልና ውኃ ይበቃናል፤ ብዙ ወጪ የለውም። በየሳምንቱ ይደረግ።

የሆስፒታል ፋርማሲስት
አምስተኛው ደረጃ ላይ እኔም አለሁ፤ ታካሚውን ማስረዳት ላይ። ተለማማጆች መስኮት ላይ ቆመው «በቀን ሦስት ጊዜ» ብለው ይሸኛሉ። ታካሚው ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ብሎ ይወስደዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ክፍተት ይሆናል። «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» ቢሉት በየስምንት ሰዓቱ ሆነለት።

ጾምም አለ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የማይቀምሱ፣ በረመዳን እስከ መግሪብ የሚጾሙ የስኳር ታካሚዎች አሉን። ስኳር የሚያወርደውን ግሊቤንክላማይድ ጠዋት ውጠው ባዶ ሆዳቸውን ከዋሉ ስኳራቸው ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ። ይህን በቀጥታ የሚያነሳ የትምህርት ክፍል አላየሁም። ተማሪው መጀመሪያ «ይጾማሉ?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ። ከዚያ ሰዓቱን ወይም መድኃኒቱን ስለመቀየር ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ልምምዱም ታካሚው በሚሰማው ቋንቋ ይሁን፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ ኮሌጁ ባለበት አካባቢ በሚነገረው።

የቅርብ ተመራቂ
ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልበል። ተማሪ የሚያነበው የሚጠየቀውን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ እሱም የምርጫ ጥያቄ ነው። አጀማመሩ ቢቀየርና የኮሌጁ ፈተና ያው ምርጫ ከሆነ እኛ ስላይዱን ሸምድደን እንገባለን። የታካሚ ታሪክ የሚሠራበት ክፍለ ጊዜም መቅረት የሚቻልበት ሰዓት ይሆናል።

አስተባባሪ
ትክክል ነህ፤ ይህ ከሌለ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም። የመውጫ ፈተናውን እኛ አንቀይረውም፤ የኮሌጁ ምዘና ግን በእጃችን ነው። ከውጤቱ 40 በመቶው በኦስኪ (ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወረ በተግባር የሚፈተንበት ምዘና) ጣቢያዎች ይሁን ብዬ አቀርባለሁ። አንዱ ጣቢያ ላይ መጠን አስልቶ መቅዳት፣ አንዱ ላይ ስህተት ያለበትን ማዘዣ ማረም፣ አንዱ ላይ ታካሚ ሆኖ ለሚቀመጥ ሰው ማስረዳት።

የክልል ኮሌጅ መምህር
40 በመቶው ለእኛ ከባድ ነው። ክፍሉ ሙሉ ነው፣ መምህሩ አንድ። በመጀመሪያው ሴሚስተር 20 በመቶና ሁለት ጣቢያ ቢሆን እንችላለን። ከፍተኛ ዓመት ተማሪዎችም ትንንሽ ቡድኖችን ይምሩልን።

አስተባባሪ
እሺ፤ በ20 ጀምረን ከዓመት በኋላ ወደ 40። የመጀመሪያዎቹ የታካሚ ታሪኮች እነዚህ ይሁኑ፦ ፀረ ተባይ የጠጣው ወጣት፤ አስምና ግፊት ያለባቸው እናት፤ ጄንታማይሲን የታዘዘለት ጨቅላ፤ ጿሚው የስኳር ታካሚ፤ የግፊት መድኃኒቱን ኢናላፕሪል ስትወስድ ያረገዘች ሴት፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ዶሉቴግራቪር እየወሰደ ለቲቢ ሪፋምፒሲን የተጀመረለት ሰው። የመጨረሻውን ፋርማሲስቱ ይጻፍልን፤ ዶሉቴግራቪሩ በቀን ሁለቴ 50 ሚሊ ግራም የሚሆንበትን ምክንያት ተማሪው ሪፋምፒሲን ከሚያነቃቃው የጉበት ኢንዛይም ተነስቶ እንዲደርስበት አድርገህ።

ነባር የፋርማሲ መምህር
የሜካኒዝም ጥያቄዎቹን እኔ አዘጋጃለሁ። ከእውነተኛ ካርድ የምትወስዱ ካላችሁ ግን ስምና የካርድ ቁጥር አውጡ፤ የሆስፒታሉንም ፈቃድ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙ።

የነርሲንግ መምህርት
ባዶ አምፑሎቹን ከነገ ጀምሮ ማጠራቀም እጀምራለሁ። የ20ና የ80ው ለየብቻ።