ሰባተኛው ቤት ላይ የቆመ የዘር ቆጠራ፦ ወደ አውስትራሊያ የተጋዘ የአየርላንድ ሰው ወላጆችን እንዴት እናግኝ?

ጥያቄ፦ መምህሩ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልን። የታናሽ እህቴ ልጅ ሜልበርን ተወልዳ ያደገች ስትሆን አባቷ አውስትራሊያዊ ነው። ባለፈው ገና መጥታ እኛ ዘንድ በሰነበተችበት ጊዜ፣ አንድ ቀን ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሶ ሳለ እናቴን ዘራችንን እንድትቆጥርላት ጠየቀቻት። እናቴ የግራ እጇን የጣት አንጓዎች በአውራ ጣቷ እየነካች፣ ከአባቷ ጀምራ የየሚስቶቻቸውን ስም ሳትዘል እስከ ሰባት ቤት ቆጠረችላት፤ ልጅቷም በደብተሯ ጻፈች። እናቴ ስኒውን እያቀበለቻት «የአባትሽንስ?» አለቻት። ልጅቷ ስድስት ሰው ቆጠረችና ሰባተኛው ላይ ቆመች።

ስድስተኛው ሰው ከአየርላንድ የመጣ ነው። ቤተሰቡ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መሬት ፍለጋ በፈቃዱ የተሰደደ ገበሬ ነው እያለ ሲናገር ኖሯል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ በአገሩ እጅግ የተለመደ ስም መሆኑን ብቻ ልናገር። ስለ እርሱ በእጃችን ያሉት ሁለት ወረቀቶች ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1871 በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ የተሰጠ የሞት ምስክር ወረቀት ሲሆን፣ የትውልድ ቦታው ቲፐራሪ አውራጃ እንደሆነና በቅኝ ግዛቱ 41 ዓመት እንደኖረ ይገልጻል፤ በወላጆች ስም ቦታ ግን «አይታወቅም» ተብሎ ተጽፎበታል። ሁለተኛውን የልጅቷ አያት ከአንድ አሮጌ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ያገኙት ነው። በ1837 የተሰጠ፣ ፍርዱን ለጨረሰ ግዞተኛ የሚሰጥ የነጻነት ምስክር ወረቀት ሲሆን፣ ሰውየው በ1829 እዚያው ቲፐራሪ ውስጥ ባለችው ክሎንሜል ከተማ ላይ ተፈርዶበት ለሰባት ዓመት የተጋዘ መሆኑን፣ ቁመቱን፣ የዓይኑን ቀለም፣ በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንዳለበት ሳይቀር ይዘረዝራል።

እኔን ያስገረመኝ ነገር ይህ ነው፦ የዚህን ሰው የቅንድብ ጠባሳ እናውቃለን፤ የእናቱን ስም አናውቅም። እናቴ ከቆጠረቻቸው ሰዎች ደግሞ የሚስቶቹን ስም ሁሉ ስናውቅ የአንዳቸውንም መልክ አናውቅም።

አንድ ወዳጄ የአየርላንድ መዝገብ ሁሉ ስለተቃጠለ መድከም ከንቱ ነው ብሎኛል። እውነት ነውን? ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ሰውየው ግዞተኛ እንደነበር ለእናቴ እስካሁን አልነገርኋትም። በእኛ አገር «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ዳሞቴው ከሲድኒ

መምህር፣ የባለቤቴን ቤተሰብ የአየርላንድ ወገን ስንፈልግ ብዙ ዓመት ስለደከምን የተማርሁትን ልንገርዎ።

ወዳጅዎ የነገሩዎት ከፊሉ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ደብሊን በሚገኘው የፎር ኮርትስ ሕንፃ የነበረው የመንግሥት መዝገብ ቤት ወድሟል። የ1821፣ የ1831፣ የ1841 እና የ1851 የሕዝብ ቆጠራ አብዛኛው ክፍል በዚያ ጠፍቷል፤ ከ1836 በፊት የነበሩት የግዞተኞች መዝገቦችም እንዲሁ። የእርስዎ ሰው የተፈረደበት በ1829 ስለሆነ በቀጥታ የሚመለከተው መዝገብ ከጠፉት ውስጥ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከእሳቱ የተረፈ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እርሱም እስረኞች ምሕረት ለመለመን ለመንግሥት ያስገቡት አቤቱታ ነው። ከ1788 እስከ 1836 ያለው ዛሬም በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል፤ የስም ማውጫውንም በኢንተርኔት ያለ ክፍያ መፈለግ ይቻላል። ይህን አስቀድሜ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አቤቱታውን ብዙ ጊዜ የሚያስጽፉት ሚስት፣ አባት ወይም እናት ነበሩ። ያቺ እናት ልጇን ለማስፈታት አስጽፋ ከሆነ ስሟን የሚያገኙት እዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ የመርከቡን የግዞተኞች ዝርዝር ከኒው ሳውዝ ዌልስ ቤተ መዛግብት ያስወጡ። ሃይማኖቱን፣ ማንበብና መጻፍ መቻሉን፣ ሥራውን፣ ወንጀሉን፣ አንዳንዴም ዘመዶቹ እዚያው መኖራቸውን ይገልጻል። አብረውት የተፈረደባቸውን ሰዎች ስም ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ በአንድ ችሎት ተፈርዶበት በአንድ መርከብ ሲላክ አይተናል። ክሎንሜል ተዘዋዋሪው ችሎት የሚያስችልባት ከተማ ስለሆነች የተፈረደበት ቦታ የተወለደበት ነው ብለው ግን አይደምድሙ።

በኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን መመዝገብ የጀመረው በ1856 ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ካለው በልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የአባት የትውልድ ቦታ ይሰፍራል፤ ከታላቆቹ ይልቅ የመጨረሻውን ልጅ ይፈልጉ የምልዎ ስለዚህ ነው። የሞት ምስክር ወረቀት የሚናገረው አስመዝጋቢው የሚያውቀውን ብቻ ስለሆነ «አይታወቅም» የሚለው ቃል ብዙ ተስፋ አያስቆርጥዎ፤ ምናልባት ያስመዘገበው ጎረቤት ይሆናል።

የደብሩንና የመንደሩን ስም ካገኙ በኋላ የካቶሊክ የጥምቀት መዝገቦች አሉ። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ምስላቸውን ለማንም ክፍት አድርጓል። በገጠር ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከ1800 በኋላ ዘግይተው ነው። ቢሆንም ካህናቱ የልጁን እናት የሚጽፉት በአባቷ ቤት ስም ነበር፤ ይህም ሴት በአባቷ ስም ለምትጠራበት ለእኛ አገር ሰው የሚመች ነው። የቤተሰብ ስም አጻጻፍ ከመዝገብ መዝገብ ይለያያልና፣ በአንዱ ላይ «ኦ» የሚለው መነሻ ኖሮ በሌላው ላይ ቢታጣ ሌላ ሰው ነው ብለው አይለፉት። «ኦ» ማለት የልጅ ልጅ ማለት ነው።

መልስ 2፦ ባለ ርስቱ ከቢቸና

መምህር ሆይ፣ ስለ አየርላንድ የማውቀው የለም፤ ስለ እናትዎ ቆጠራ ግን አንድ ነገር ልበል።

በጎጃም ዘር ሲቆጠር የኖረው ለሁለት ጉዳይ ነው፤ ለጋብቻና ለርስት። ርስት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ቆጥሮ በሽማግሌ ፊት ማስረዳት ነበረበት፤ በእናቱ በኩልም በአባቱ በኩልም መውረድ ይችላል። ስለዚህ የሚታወሰው መሬት የሚያስገኘው መስመር ነበር። ወደ ሌላ አገር ሄዶ ርስቱን ሳይጠይቅ የቀረ ወንድም ከሁለት ትውልድ በኋላ ከቆጠራው ይወጣል። በ1967 መሬት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ደግሞ ቆጠራውን የሚማር ልጅ ጠፋ። እኔ የአባቴን ወገን የተማርሁት በ1950ዎቹ የርስት ክርክር ላይ ከአባቴ ኋላ ተቀምጬ ነው፤ ልጆቼ ሦስተኛውን ቤት አያውቁም፣ ይህም ያሳዝነኛል።

ከወረቀት የሚያገኙት ጥቂት መሆኑንም ይወቁ። ጎጃም መሬቱን አላስለካም ብሎ ብዙ ጊዜ ተከራክሯል፤ በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት እስከ መሸፈት የደረሰው አንዱም ሥጋቱ ልኬቱ ነበር። ስለዚህ በሌላው ክፍለ ሀገር በቀላድ፣ ማለትም በመሬት ልኬት መዝገብ የሚገኘው የባለይዞታ ስም እዚህ የለም። እናትዎ በሕይወት ሳሉ ድምፃቸውን ይቅረጹ። ሌላው ቅርንጫፍ ያለውንም ሽማግሌ ለብቻ ይጠይቁ፤ ስሙን ግን እርስዎ አስቀድመው አይጥሩለት። የክርስትና ስምና የዓለም ስም እንደ ሁለት ሰው ተቆጥረው ቤት የጨመሩበት ቆጠራ አይቻለሁ።

ስለ ግዞተኛው ደግሞ፣ በምን ተከሶ እንደሆነ ሳያውቁ ለምን ያፍራሉ?

መልስ 3፦ ነርሷ ከባሕር ዳር

የዲኤንኤ ምርመራም ሊረዳችሁ ይችላል፤ በአውስትራሊያ ብዙ ሰዎች ስለተመረመሩ ሩቅ ዘመድ የመገኘት ዕድሉ ጥሩ ነው። ከአንድ ቅድመ አያት የሚወረሰው ድርሻ በየትውልዱ በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ ከልጅቷ ይልቅ አያቷ ቢመረመሩ ይሻላል። ያልታሰበ የቤተሰብ ምስጢርም ሊያወጣ ስለሚችል አስቀድመው ሁሉም ይስማሙ።

መልስ 4፦ መምህሩ ከደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመርከቡ ዝርዝር ከሲድኒ ደርሶናል። ሰውየው የተከሰሰው በሕገ ወጥ ምሽት ስብሰባ ተገኝቶ በመሣሪያ በማስፈራራት ነው። ዳሞቴው በግል እንዳስረዱኝ፣ በዚያ ዘመን በቲፐራሪ ጭሰኞች ከመሬታቸው ሲነቀሉና የሌላ ቤተ ክርስቲያን አሥራት እንዲከፍሉ ሲገደዱ እንዲህ ያለ ክስ የተለመደ ነበር። አብሮት አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም ያለው፣ በሦስት ዓመት የሚያንሰው ሌላ ሰው ተፈርዶበታል፤ ወንድሙ ይሆናል ብለን እየፈለግን ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኋት። ወንጀሉን በመሬትና በአሥራት ምክንያት ነው ስላት ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ሁለቱንም ልጆቿን ነው የወሰዱባት?» አለችኝ።

አሁን የምንፈልገው በሁለቱም ስም የገባ አቤቱታ ነው። የእህቴ ልጅ ማውጫውን ጀምራለች፤ የተገኘውን እዚሁ እጽፋለሁ።