የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ናሙናው ከቱቦው ራሱ ይወሰድ

ሰብሳቢ፦ ሁለተኛው ረቂቅ ደርሷችኋል። ሆስፒታል ከገቡ ከ48 ሰዓት በኋላ ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሕሙማን ባክቴሪያ ሰብስበን፣ ለመድኃኒት መላመድ ምክንያት የሆኑትን ዘረ መሎች በፒሲአር (ዘረ መልን አባዝቶ በሚለይ ምርመራ) እንፈልጋለን። ኤንዲኤም፣ ኦክሳ-23 እና ሜክ-ኤ የሚባሉት ዘረ መሎች ተመርጠዋል። የጎደለ ካለ ተናገሩ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ የጎደለውማ ዋናው ነው። ዘረ መል ብቻ ቆጥረን የምንወጣ ከሆነ ድካማችን ግማሽ ይቀራል። የመድኃኒት ፍተሻ የምናደርገው በፈሳሽ ውስጥ ተበታትኖ በሚዋኝ ባክቴሪያ ላይ ነው። ያው ባክቴሪያ ታካሚው ላይ በተገጠመ ቱቦ፣ ለምሳሌ በሽንት ቱቦ፣ ላይ ተጣብቆ ባዮፊልም የሚባለውን አተላ መሰል ልባጥ ሲሠራ፣ ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ የሚደርስ መጠን ሊቋቋም ይችላል። «መድኃኒቱ ይሠራል» ብዬ የፈረምሁበት ውጤት ታካሚው አልጋ ዘንድ ሲደርስ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው። ይህ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ነርስ፦ በእጄ የያዝሁትን ልንገራችሁ። አንድ ታካሚ በላቦራቶሪው ውጤት መሠረት መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰዱ ትኩሳታቸው አምስት ቀን ሙሉ አልወርድ አለ። የሽንት ቱቦውን ስናወጣው ውስጡ በሚያሙለጨልጭ ግራጫ ነገር ተለብጧል። ቱቦው በተቀየረ ማግስት ትኩሳቱ በረደ። እባካችሁ፣ ናሙናው ከሽንቱ ብቻ ሳይሆን ከቱቦውም ይወሰድ። ስንት ቀን እንደቆየም ይመዝገብ፤ ያንን እኛ እንሞላለን።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ሲስተር ልክ ነዎት። የቱቦውን ቁራጭ በጨው ውኃ ውስጥ በድምፅ ሞገድ አንቀጥቅጠን ልባጡን እናላቅቃለን። ባዮፊልም የመሥራት አቅሙን ለመለካት 96 ጉድጓድ ያለው ሳህን ይበቃል፦ 24 ሰዓት ማሳደግ፣ ማጠብ፣ በክሪስታል ቫዮሌት ማቅለም፣ ቀለሙን በአልኮል አሟሙቶ ድምቀቱን ማንበብ። አደራ፣ እጥበቱ ላይ። ውኃው በኃይል ከተለቀቀ ልባጡ አብሮ ይሄድና ጠንካራው ደካማ መስሎ ይነበባል። እያንዳንዱ ናሙና በሦስት ጉድጓድ ይደገም።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦ «መድኃኒት የተላመደ ሁሉ ጠንካራ ባዮፊልም ይሠራል» የሚለው መላምት ይውጣ። አሲኔቶባክተር በሚባለው የባክቴሪያ ዓይነት ላይ ተቃራኒውን ያገኙ ጥናቶች አሉ። በጥያቄ መልክ እናስቀምጠው። ከአንድ ታካሚ በተደጋጋሚ የተገኘ ያው ባክቴሪያም አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠር፤ አለበለዚያ ብዙ የቆዩት ሕሙማን ውጤቱን ያዛቡታል።

ሰብሳቢ፦ ሦስቱም ገብተዋል። ሲስተር፣ የቱቦ ቀን መመዝገቢያ ቅጹን እስከ ረቡዕ ያድርሱኝ፤ ሦስተኛውን ረቂቅ ሐሙስ እልካለሁ።